ለእስራኤል ማን ይንገረው

ተኛ ብለውት ሄዱ። ሌላ የሚሉት ስላጡ ነው እንጂ እንደማይተኛ ያውቃሉ። አማረ ራሱ ፍራሹን ከዱቄት ጆንያዎቹ ጎን አነጠፈለት፣ የሱቁን በር ከውጭ ገፍቶ ዘጋውና በፍርግርጉ በኩል «ትንሽ ጋደም በል፣ ማታ እንመለሳለን» አለ፣ ከዚያ የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ፣ እና አሁን ትግሉ በጀርባው ተንጋሎ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያያል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ቆርቆሮው በሙቀቱ ጠሽ ጠሽ እያለ ይንጣጣል፣ ከሁምቦ ቆላ የባሰ ሙቀት፣ ሶዶ ቢሆን በዚህ ሰዓት ከዳሞታ ላይ ደመና ይወርድ ነበር፣ አያቱ አዬም «ልብሱን አስገቡ፣ ተራራው ኮፍያውን አደረገ» ትል ነበር። ከውጭ አንድ ሰው ፍርግርጉን በሳንቲም ይመታል። «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» እዚህ ደቡብ አፍሪካ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ነው የተጠራው፣ ትግሉ ብሎ የሚጠራው የስልኩ ድምፅ ብቻ ነው፣ ከስልኩም ውስጥ አንዲት ሴት፣ እሷም አሁን የለችም።

ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። ሱቅ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ሱቁን ጥሎ አይወጣም፤ ሦስት ባለሱቆች በአንድነት ዘግተው ከመጡ ነገር አለ። ትግሉ የዳቦውን መኪና እየጠበቀ በፍርግርጉ ሲያያቸው ከአካሄዳቸው አወቀ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ማን ይቅደም ማን ይቅደም እየተባባሉ ይመስል እግራቸውን እየጎተቱ። አማረ በዕድሜ ስለሚበልጥ ቀደመ።

«ማናት?» አለ ትግሉ በሩን ሳይከፍት።

«መጀመሪያ ክፈትና ቁጭ በል።»

«አዬ ናት?»

«ቁጭ በል አልኩህ እኮ። ይሄ ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም።»

ቁጭ አለ። የቢራ ሳጥን ላይ። አንደኛው ትከሻውን ያዘው፣ ሌላኛው ውሃ በጣሳ ይዞ ቆመ፣ አማረ «አያትህ ትናንት ማታ አርፈዋል፣ አልተሰቃዩም፣ በልጆቻቸው መሀል ነው» አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም። በሶዶም በገሱባም እንደዚያ ነው፤ ሰው ብቻውን ሳለ አይረዳም፣ የሚይዘው ሰው፣ ውሃ የሚያቀብለው ሰው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ያስፈልጋል። አጎቱ ለገሰ ስልክ ሲደውል ያደረው ለትግሉ አይደለም፣ ትግሉን የሚያረዳ ሰው ፍለጋ ነው። አገኘለት። አማረን አገኘለት። አማረ አለቀሰ፣ የማያውቃትን ሴት አለቀሰላት፣ የራሱን እናት እያሰበ ይሆናል፣ ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ እዚህ አገር ለቅሶም ምሳ ሳይደርስ ያልቃል» አለ። ሊወጣ ሲል ዞረና ያችን ጥያቄ ጠየቀ።

«ወንድምህስ? ለገሰ ሁለቱንም አንድ ላይ አርዱልኝ ነው ያለኝ።»

ትግሉ ምራቁን ዋጠ። «እስራኤል ሩቅ ነው። ኬፕታውን አካባቢ።»

«ኬፕታውንም የሀገር ልጅ ሞልቷል። ስልኩን ስጠኝ፣ ዛሬውኑ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄዳል።»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«አንተ? መርዶ ተቀባይ መርዶ ነጋሪ ሲሆን የት አይተሃል?» አለ አማረ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ቆሞ ለአንድ ሰው ደወለ። «ስማኝ፣ እዚያ ያለ እስራኤል የሚባል የሶዶ ልጅ ፈልግልኝ፣ አያቱ አርፈዋል።»

እስራኤል ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ይኸው እንግዲህ፣ በዚህች ደቂቃ ኬፕታውን ውስጥ የማያውቁት ሰዎች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የሞተ ሰው ሊያረዱ ይፈልጋሉ። ትግሉ ጎኑን ይለውጣል። ፍራሹ የዱቄትና የናፍጣ ሽታ አለው። ስልኩን ከደረቱ ላይ አንስቶ የወይንሸትን መልእክት መልሶ ይሰማል፣ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ አያውቅም። ወይንሸት የለገሰ ልጅ ናት፣ ከአዬ ጋር የኖረችው፣ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት እሷ ናት፤ በድምፅዋ ጀርባ የድንኳን ብረት ሲጣል፣ ሰው ሲንጫጫ፣ አንዲት ሴት አንድ ጊዜ ጮኻ ዝም ስትል ይሰማል። «ትግሉዬ፣ እግዜር ያጽናህ። የሕይወት ታሪኳን እኔ ነኝ የማነበው፣ አባባ የተማርሽው አንቺ ነሽ ብሎ ጣለብኝ። ልጆቿን ጽፌ ጨረስኩ። የልጅ ልጆች ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንተንና እስራኤልን እንዴት ልበላችሁ? ሁለቱም ደቡብ አፍሪካ ይኖራሉ ልበል? አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ መልስልኝ። እኔ አንተ እንዳልከኝ ነው የማነበው።»

አንተ እንዳልከኝ። ለምን እንደዚያ አለች። ሁለቱም ይኖራሉ ብትል ምን ይጎድላል፣ ማን ይጎዳል፣ አዬ መቃብር ትወርዳለች፣ እስራኤልም በካህናቱና በሕዝቡ ፊት፣ በሬሳዋ ፊት፣ በሕይወት ይኖራል፣ ከዚያም ትግሉ ይደውላል፣ በሁለተኛው ሲም ካርድ፣ በእስራኤል ድምፅ፣ «አጎቴ፣ ሰማሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ይላል፣ ከዚያም ለሙት ዓመቷ፣ ከዚያም ለወይንሸት ሠርግ፣ ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አይችልም፤ እስራኤል እያረጀ ሲደውል፣ ድምፁን እያሻከረለት፣ ሚስት እየፈጠረለት።

ወይንሸት ስለ አዬ ምን ብላ ጽፋ ይሆን። ወይዘሮ ሳህሊቱ ተወለዱ፣ በሥርዓት አደጉ፣ ለወግ ለማዕረግ በቁ፤ የሰው ሁሉ የሕይወት ታሪክ እንደዚያ ነው የሚጀምረው፣ ስሙ ብቻ ይቀየራል። እሱ ቢሆን ከእጇ ይጀምር ነበር። አያቷ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ የመጣ ሰው ነበር፣ እሷ ከተማ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፣ ገና በልጅነቷ ለኤርካሎ ተዳረችና ገሱባ አጠገብ ያለው የእንሰት ማሳ ውስጥ ገባች። አማቷ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛዋ «አንተ ሳህሊቱ፣ እጅህ የጸሐፊ እጅ ነው፣ እንሰት አይፍቅም» እያለች ትስቅባት ነበር። ፋቀች። አለቀሰችና ፋቀች። በመጨረሻ የእሷ ቆጮ ነው ለለቅሶ ቤት የሚጠራው፣ አማቷም ስትሞት ራሷን አስደግፋ የሞተችው በእሷ ጭን ላይ ነው፣ ቋንቋዋንም ስለወረሰች ልጆቿ ሁሉ እማዬ ሳይሆን አዬ አሏት፣ የልጅ ልጆቿም፣ የሰፈሩም ሰው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቆላው ሰው እየተግተለተለ ሲወጣ ያልደረሰውን እንሰት ከሥሩ እየነቀለች ትቀቅል ነበር አሉ። ኤርካሎ «የልጆቼን ቀለብ ጨረስሽው» ብሎ ሲቆጣ «ልጆችህ ነገ ነው የሚርባቸው፣ እነዚህ ግን ዛሬ ነው» አለችው። ይህን ወይንሸት ትጽፈዋለች? በዚያ ዓመት ከልጆቿ አንዱን እንደቀበረችስ? ለእንግዶቹ ስትቀቅል ያጣችው መሆኑን ኤርካሎ አንድ ቀንም እንዳልተናገራት፣ እሷም አንድ ቀን እንዳልረሳችው?

የትግሉና የእስራኤል እናት ሰናይት የአዬ የመጨረሻ ልጅ ነበረች። በወሊድ ሞተች፣ እስራኤልን ስትወልድ። አባታቸው ለሸንኮራ ሥራ ወደ አዋሽ ሄዶ ቀረ። አዬ ያኔ ጉልበቷ ያለቀ አሮጊት መሆን ነበረባት፣ ግን አልሆነችም፣ ገሱባን ትታ ሶዶ ቤት ተከራየች፣ ልጆቹ ይማሩ ብላ፣ አንዱን በጀርባዋ አዝላ ሌላውን ጎትታ ዝንጅብል ትሸጣለች፣ ሲደክመው የታዘለውን አውርዳ የተጎተተውን ታዝላለች። ዳጣ ትፈጫለች፣ ሚጥሚጣውንና ዝንጅብሉን በድንጋይ ላይ፣ ዓይኗ እያለቀሰ። እስራኤል «ሳህሊቱ፣ አለሽ ወይ!» እያለ ከደጅ ሲገባ ትሰማዋለች፣ ማንም በዚያ ቤት ባዶ ስሟን ደፍሮ አይጠራም፣ ለገሰ እንኳ፣ እሷም ድንጋዩን ሳትለቅ «ባለጌ! እኩያህ ነኝ?» ትላለች፣ ፊቷ ግን ይበራል። ትግሉ በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል። እሱ ደፍሮ አያውቅም። እሱ ከመናገሩ በፊት ምራቁን ይውጣል፣ ትምህርት ቤትም፣ ሱቅ ሲላክም፣ ልጆች ይስቁበት ነበር፣ እስራኤል ደግሞ እሱን እያስመሰለ፣ ትግሉም በምላሹ እስራኤልን እያስመሰለ፤ ሌላ ነገር ባይችል የወንድሙን ድምፅ ይችላል፣ ጨለማ ውስጥ ሲጫወቱ ለገሰ ማንን እንደሚቆጣ አያውቅም ነበር።

«ማይ ፍሬንድ!» ይላል የውጭው ሰው። አንኳኳ። ዛሬ ዳቦ የለም።

እስራኤልን ና ያለው እሱ ነው። ማንም አላስገደደውም። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ከዱቄት ጋር እያወራ፣ በሽቦ ውስጥ ሆኖ ዳቦ እያቀበለ፣ አንድ የሚስቅ ሰው ስለፈለገ። አዬ ስልኩን ተቀብላ «አንዱን ሰጥቻለሁ፣ ይሄኛውን ተዉልኝ» አለች። «አዬ፣ መንገዱ እንደ ድሮ አይደለም፣ አሁን እንደ ሶዶና ሐዋሳ ሆኗል» አላት። ራሱ በሄደበት መንገድ ያየውን እያወቀ። እስራኤል ሄደ፣ የዳጣ ጠርሙስ በሻንጣው ይዞ፣ ከዲምቱ ልጅ ከመልአኩ ጋር። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ አንድ ቀን ከሞዛምቢክ እስር ቤት መልአኩ በተዋሰው ስልክ ደወለ፣ «የተዘጋ መኪና ውስጥ ነበርን፣ ብዙ ነበርን፣ አየር አለቀ፣ ትግሉ፣ እኔ በቀዳዳው በኩል ነበርኩ» አለ፣ «እኔ በቀዳዳው በኩል ነበርኩ፣ ይቅር በለኝ» እያለ ደጋገመ፣ መስመሩ ተቆረጠ። ትግሉ ደወለ። ወደ ሬሳ ክፍል፣ ወደ ፖሊስ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ሌላ ሰው እያስተረጎመ። የሟቹ ቁጥር ስንት ነው ይላሉ። ቁጥር የለውም፣ ስም አለው፣ እስራኤል ይባላል። ስም ብዙ ነው ይላሉ፣ ያለ ቁጥር አናገኝም። ያለ ቁጥር ተቀበረ።

እና እንዴት ይናገር? ለማን? መርዶ በስልክ አይነገርም። ወደ አገር እንዳይሄድ የጥገኝነት ወረቀቱ አለ፣ በኮምፒውተር ሞልተህ ጠብቅ ይላሉ፣ ይጠብቃል፣ ከአገር ከወጣህ አትመለስም ይላሉ፣ አይወጣም። ነገ እናገራለሁ ይላል። ለገሰ ግን ደወለ፤ «እናቴ እስራኤል ካልደወለ እህል አልቀምስም ብላለች፣ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ እባክህ ፈልገው» አለ። ትግሉ ከራሱ መደርደሪያ ላይ አዲስ ሲም ካርድ አነሳ። ያኔ ቀን ነበር፣ እንደዛሬው ቆርቆሮው ይንጣጣ ነበር። ምራቁን ዋጠ። «ሳህሊቱ! አለሽ ወይ?» አለ።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለው።

«አለሁ ልጄ» አለች ከብዙ ቆይታ በኋላ። ባለጌ አላለችውም። «ደረስክ?»

«ደረስኩ፣ አዬ።»

«ደከመህ? ጨለማ ነው ያለህበት?»

«አይ፣ መብራት አለ፣ ትግሉም አለ።»

«እንግዲህ እረፍ» አለች። በዚያ ምሽት እህል ቀመሰች ተባለ። ትግሉ ፍራሹ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ጆንያ ነክሶ፣ አድኛታለሁ አለ፣ አንድ ሰው ገድዬ አንድ ሰው አድኛለሁ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሆኖ ደወለ። በራሱ ስም ሲደውል በምስል ነው፣ የእስራኤል ስልክ ካሜራው ተሰብሯል። በራሱ ስም ሲደውል አዬ ትጨቀጭቀዋለች። «መቼ ነው የምትመጣው?» «ወረቀቴ ሲስተካከል።» «ምን ዓይነት ጠማማ ወረቀት ቢሆን ነው ዘመኑን ሙሉ የማይስተካከል?» ወይንሸት ከጀርባ ትስቃለች። እስራኤልን ግን አንድ ቀን መቼ ትመጣለህ ብላው አታውቅም። ለእስራኤል ድምፅዋ ይለሰልሳል፣ ብርድ አለ ወይ ትለዋለች፣ ታቅፋው የምታወራ ነው የሚመስለው። ትግሉ ይቀና ነበር። በሙት ወንድሙ፣ ራሱ በሚናገርለት፣ ይቀና ነበር።

አንዴ በምስሉ ሲያያት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። «አዬ፣ ጎረቤት ሞተ እንዴ?» አለ ደንግጦ። ወይንሸት ስልኩን ተቀብላ፣ «አይ፣ አርጅታለች ባክህ! ላይና ታቹን መለየት ትታለች። ሳስተካክልላት መልሳ ትገለብጠዋለች፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ሆና ነው የምትሄደው፣ ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ እያለ ያሳቅቀኛል» አለች፣ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። አዬ አልሳቀችም። መስኮት ወደሚመስላት ስልክ ተጠግታ ዓይኑን ታየው ነበር። አሁን ያያታል፣ ጣሪያው ላይ። ምን ነበር የምትጠብቀው።

ስልኩ እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ወይንሸት ናት። አያነሳውም አያነሳውም፣ ያነሳዋል።

«ሊወጣ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ካህናቱ ደርሰዋል። ምን ልበል?»

ምራቁን ዋጠ። «ይኖራል አትበይ።»

«ማንን?»

«እስራኤልን።»

«አውጣው ትግሉዬ። በደንብ ተናገር።»

«እስራኤል ሞቷል። መንገድ ላይ። ሳይደርስ። ሲደውል የነበረው እኔ ነኝ።»

ትጮሃለች ብሎ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። አልጮኸችም። ረጅም ትንፋሽ አወጣች፣ ከባድ ነገር ከራሷ ላይ እንዳወረደች ሴት።

«ታውቂ ነበር?»

«እኔማ ባለፈው ወር ነው የነገረችኝ። እሷ ናት ከመጀመሪያው ቀን ያወቀችው። ‹ትግሉ ከመናገሩ በፊት ምራቁን ይውጣል፣ እስራኤል መቼ ውጦ ያውቃል? ሁለቱንም በአንድ ጀርባ ነው ያዘልኩት፣ ትንፋሻቸው ይጠፋኛል?› አለችኝ። ያኔ የደወልክ ቀን ስልኩን አስቀምጣ ጓዳ ገባች፣ ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። እኔ እርጅና መስሎኝ ስስቅባት…» ድምፅዋ ተሰበረ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«‹ብቻውን ነው› አለች። ‹አውቃለሁ ካልኩት ይፈርሳል፣ ሲፈርስ ማን ይይዘዋል? ሲመጣ አብረን እናለቅሳለን› ነው ያለችው። ለዚህ ነው መቼ ነው የምትመጣው እያለች የምትጨቀጭቅህ። መጨረሻ ላይ እንደማትደርስ ሲገባት፣ ‹ስትቀብሩኝ ለእሱም አልቅሱለት፣ ሬሳ የለውም ተብሎ ሳይለቀስለት አይቅር፣ ግን ትግሉ በራሱ አፍ እስኪናገር ጠብቁ› አለች። እኔም ጠየቅሁህ።»

በስልኩ ውስጥ የድንኳኑ ጫጫታ ይሰማዋል።

«አባባ አያውቅም» አለች ወይንሸት። «አሁን እነግረዋለሁ፣ አጠገቡ ሰው አለ፣ የዕድሩ ሽማግሌዎች አሉ፣ ይይዙታል። አንተ ግን አጠገብህ ማን አለ?»

ጆንያዎቹን አየ። የዳቦውን ባዶ መደርደሪያ አየ።

«አሉ» አለ። «አማረ አለ። ሁሉም አሉ።»

«በል ስልኩን አትዝጋ።»

አልዘጋም። ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፣ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ፣ እግር ሲራመድ፣ የለገሰ ድምፅ አንድ ጊዜ «እንዴት?» ሲል፣ ከዚያ ሲወድቅ፣ «ያዙት፣ ያዙት!» የሚሉ ወንዶች፣ ከዚያ ጸሎት፣ ረጅም ጸሎት፣ ንፋስ፣ አፈር። ከዚያ ወይንሸት ታነባለች። ወይዘሮ ሳህሊቱ ተወለዱ፣ አደጉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በራቸውን ለተራበ ሳይዘጉ፤ ጽፋዋለች፣ ጽፋዋለች። የእገሌና የእገሌ እናት። የልጅ ልጆቻቸውን ያለ እናት ያሳደጉ። «የልጅ ልጃቸው ትግሉ በደቡብ አፍሪካ ይገኛል። የልጅ ልጃቸው እስራኤል ከሁለት ዓመት በፊት ቀድሟቸዋል፤ አዬ ይህን ሐዘን ብቻቸውን ተሸክመው…»

መጨረስ አልቻለችም። ሴቶቹ ተነሱ፤ ለአዬ ሲያለቅሱ የዋሉት ሴቶች ድምፃቸውን ለወጡት፣ ለሸመገለ የሚለቀሰው ለቅሶ ሌላ ነው፣ ለወጣት የሚለቀሰው ሌላ፣ ያንን አነሱት፣ ስሙን እየጠሩ፣ እስራኤል፣ እስራኤል፣ ደረታቸውን የሚመቱት በስልኩ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስሙን ጠርቶ አለቀሰለት። ትግሉ በጉልበቱ ተነሳ፣ ጆንያውን አልነከሰም፣ ጎረቤቱ ይስማ፣ አፉን ከፈተ፣ ሊዋጥ የሚችል ምራቅ አልነበረውም። የወጣው ድምፅ የእሱ አልነበረም።

«ሳህሊቱ! አለሽ ወይ?»

በቆርቆሮው ሥር አስተጋባ። ከስልኩ ውስጥ ማንም አልመለሰም፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። በፍርግርጉ ላይ የነበረው ማንኳኳትም ቆመ።